የአቶም ሰዓት በገዛ እጅ ይሠራልን?

በመንዝ፣ በግሼ ወይም በመርሐ ቤቴ ደጋ ላይ ለሚኖር ተማሪ «የአቶም ሰዓት በገዛ እጅህ ልትሠራ ትችላለህ» ብሎ የሚነግረው ሰው ቢገኝ፣ ሰሚው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ይስቅበታል፤ ወይ ሳይመረምር ያምነዋል። ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለኛል። የሚስቀው ሰው ነገሩ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ አላወቀም፤ የሚያምነው ደግሞ የትኛው ክፍል ሩቅ እንደ ሆነ አልጠየቀም። በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ አስተያየት ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ከመረመራችሁት በኋላ ብትቃወሙት ቅር አይለኝም።

ማንኛውም ሰዓት ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው ሳይዛባ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ነው፤ ሁለተኛው ያን ድግግሞሽ የሚቈጥር መሣሪያ ነው። በድሮው የግድግዳ ሰዓት የሚደጋገመው የተንጠልጣዩ ውዝዋዜ ነበር። ዛሬ በእጃችሁ ላይ በምታስሩት ርካሽ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ኳርትዝ የተባለ ትንሽ የማዕድን ስንጣሪ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ቍጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ዐሥራ አምስት ጊዜ በተከታታይ ለሁለት ብትከፍሉት አንድ ይቀራል፤ ይህም በሰከንድ አንድ ምት ማለት ነው። እስቲ በወረቀት ሞክሩት። ኳርትዝ ጥሩ አገልጋይ ቢሆንም ሙቀትና ብርድ ያዛቡታል፤ በወር ዐሥር ዐሥራ አምስት ሰከንድ ቢሳሳት የሚያስገርም አይደለም። ከዚህም በላይ ሁለት የኳርትዝ ስንጣሪዎች ፍጹም አንድ አይሆኑም፤ ቈርጦ ያበጃቸው ሰው ነውና።

አቶም ግን የማንም እጅ ሥራ አይደለም። በመሐል ሜዳ የሚገኝ የሲዝየም አቶም ለንደን ከሚገኘው የሲዝየም አቶም በምንም አይለይም፤ አያረጅም፤ አይዝግም። ሁለቱም የሚነቁት ድግግሞሹ ልክ ለሆነ ሞገድ ብቻ ነው፤ ሞገዱ ጥቂት ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ እንዳልሰሙ ያልፉታል። ሉዊስ ኤሰንና ጃክ ፓሪ የተባሉ እንግሊዛውያን በዚህ ጠባይ ተጠቅመው፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ቴዲንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን አስተማማኝ የሲዝየም ሰዓት ሠሩ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ የዓለም የመለኪያዎች ጉባኤ የሰከንድን ትርጉም ከሰማይ አካላት እንቅስቃሴ ወስዶ ለአቶም ሰጠው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድ ሰከንድ ማለት የሲዝየም 133 አቶም ሞገድ 9,192,631,770 ጊዜ የሚደጋገምበት ጊዜ ነው። ስሙን ሰምታችሁ ቦምብ እንዳታስታውሱ፤ በአቶም ሰዓት ውስጥ የሚሰነጠቅ አቶም የለም።

የአሠራሩን ስልት ለመረዳት ክራር የሚቃኝ ሰው አስቡ። ጅማቱ በብርድ ይከራል፤ በሙቀት ይላላል። ቃኚው ግን በጆሮው የያዘው ድምፅ አለ፤ ጅማቱን ከዚያ ድምፅ ጋር እያስተያየ አንዴ ያጠብቃል፣ አንዴ ያላላል። በአቶም ሰዓት ውስጥ ጅማቱ ያው ኳርትዙ ነው። ብዙ ሰዎች አቶሙ ኳርትዙን አባርሮ በቦታው የተተካ ይመስላቸዋል፤ እንዲያ አይደለም። የሚርገበገበው ኳርትዙ ነው፤ የአቶሙ ሥራ ኳርትዙ ከቅኝቱ ሲወጣ መናገር ብቻ ነው።

ጊዜን እጅግ አድርጎ መሰንጠቅ ለአገራችን እንግዳ አሳብ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ ይከፍላሉ፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ይሆናል። ኬክሮስ በ60 ካልዒት፣ ካልዒት በ60 ሣልሲት እያለ፣ ራብዒትና ኃምሲትን አልፎ እስከ ሳድሲት ይወርዳል። ብታሰሉት አንድ ሳድሲት የሰከንድ 540,000ኛ እጅ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ውስጥ የሲዝየም ሞገድ 17,023 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «አባቶቻችን የአቶምን ሰዓት ቀድመው ያውቁት ነበር» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሊቃውንቱን የምናከብረው ያልሠሩትን ሠሩ በማለት አይደለም። እነርሱ ጊዜን የሰነጠቁት ለሒሳብ ሲሉ ነው። ዓመትን 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ብለው ሲቈጥሩ፣ 15ቱ ኬክሮስ በአራት ዓመት አንድ ቀን እንደሚሞላ፣ 6ቱ ካልዒት ደግሞ በ600 ዓመት አንድ ቀን እንደሚሞላ ያውቁ ነበር። ትንሽ ስሕተት ሳትታይ እየተጠራቀመች አንድ ቀን ታህላለች ማለት ነው፤ የሰዓት ሠሪ ጭንቀትም ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ሰዓቱን ከሥሩ፣ ማለት ከጥሬው ሲዝየም ጀምሮ መሥራት ይቻላልን? በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም በአንድ ሰው ጓዳ አይቻልም ባይ ነኝ። ሲዝየም በ28 ዲግሪ ተኩል ገደማ የሚቀልጥ፣ አየር ሲነካው የሚነድ፣ ውሃ ሲነካው የሚፈነዳ ብረት ነው። በጀማ ወንዝ ሸለቆ በቀትር በራሱ ይቀልጣል፤ በመንዝ ብርድ ግን ጠጣር ሆኖ ይውላል። ይህን ብረት በትንሽ ምድጃ አሙቆ፣ አየር በሌለበት ቧንቧ ውስጥ እንደ ቀጭን ጅረት መልቀቅ፣ በማግኔት መለየት፣ በመጨረሻም ከወዲያኛው ጫፍ የደረሱትን አቶሞች መለካት ያስፈልጋል። አየሩን መጥጦ የሚያወጣውና ባዶነቱን የሚጠብቀው መሣሪያ ብቻውን የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ዕቃ ሁሉ ከሚያወጣው በላይ ሳያስወጣ አይቀርም። ስለዚህ «ሁሉም ይቻላል» እያሉ ወጣቶችን የሚያሞኙ ሰዎችን አትስሟቸው።

ነገር ግን ሲዝየም ብቻውን አይደለም፤ ሩቢዲየም የተባለ ወንድም አለው። የሩቢዲየም 87 አቶም በሰከንድ 6,834,682,610 ጊዜ ገደማ በሚደጋገም ሞገድ ይነቃል፤ በእርሱ የሚሠራውም ሰዓት መዳፍ የሚያህል ሣጥን ውስጥ ይገባል። በሣጥኑ ውስጥ አንዲት የሩቢዲየም መብራት፣ የሩቢዲየም ትነት የታሸገባት ትንሽ የብርጭቆ ዕቃና ከእርሷ በስተኋላ የብርሃን መለኪያ አሉ። የመብራቷ ብርሃን በብርጭቆዋ ውስጥ ያልፋል። ከኳርትዙ ተባዝቶ የመጣው ሞገድ ትክክለኛውን ድግግሞሽ ሲመታ፣ በትነቱ ውስጥ ያሉት አቶሞች ብርሃኑን አብዝተው ይውጣሉ፤ መለኪያው ላይ የሚደርሰው ብርሃንም እጅግ በጥቂቱ ይደክማል። ሰዓቱ የሚያድነው ይህችን ድክመት ነው። ብርሃኑ መልሶ ከጠነከረ ኳርትዙ ከቅኝቱ ወጥቷል ማለት ስለ ሆነ፣ የኤሌክትሮኒክ ክፍሉ ወዲያው ይመልሰዋል። ደኅና ሆኖ የተስተካከለ እንዲህ ያለ ሰዓት ከመቶ ቢሊዮን አንድ እጅ ያህል ቢሳሳት ነው፤ በዚያው ልክ ቢዘልቅ አንድ ሰከንድ ለመሳሳት ከ3,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

እነዚህ ሣጥኖች ለስልክ ማማዎች በብዛት ተሠርተው ነበር። ማማዎቹ በአዲስ ሲተኩ አሮጌዎቹ ሣጥኖች እየተነቀሉ በጥቂት መቶ ዶላር ይሸጣሉ። በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ አማተሮች፣ ማለት ለደመወዝ ሳይሆን በፍላጎታቸው የሚሠሩ ሰዎች፣ የአቶም ሰዓት ሠራን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ታዲያ ይህ መሥራት ነው ወይስ መግዛት? ጥያቄው ተገቢ ነው። ባና የሚሠራ የመንዝ ሸማኔ በጉን አልፈጠረውም፤ ባናው ግን የእርሱ ሥራ ለመሆኑ የሚጠራጠር የለም። እንደዚሁም ከሣጥኑ የሚወጣው በሰከንድ ዐሥር ሚሊዮን ጊዜ የሚደጋገም ምት ነው፤ በዐሥር ሰባት ጊዜ አካፍሎ ወደ አንድ ሰከንድ ማውረድ፣ የሚያሳየውን ሰሌዳ ማበጀት፣ የኀይል አቅርቦቱን ማደራጀት፣ ስሕተቱን መመዝገብ የሠሪው ድርሻ ነው። በካውያና በእርሳስ መበየድ የሚችል፣ ጥቂት የሒሳብና የኤሌክትሪክ ትምህርት ያለው ቡድን ይህን ሊፈጽም ይችላል። «የአቶሙን ክፍል ገዛሁ፤ ሰዓቱን ሠራሁ» ቢል እውነቱን ተናገረ። የመጀመሪያውን ሐረግ ከዘለለ ግን ዋሸ።

ደጋው በዚህ ሥራ ላይ የራሱን ፈተና ያክላል። ሣጥኑ አንዴ ከሞቀ በኋላ ዐሥር ዋት ያህል ይወስዳል፤ በቀን 240 ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ሰዓቱ በመስመር ኀይል ብቻ መታመን አይችልም፤ ምክንያቱም አንዴ ከጠፋ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ራሱ አያውቅም። ብዙዎቹ ሣጥኖች 24 ቮልት ስለሚፈልጉ ባለ 12 ቮልት ሁለት ባትሪዎችን በተከታታይ ማገናኘትና በሶላር መሙላት ያስፈልጋል፤ በበጋ ፀሐይ የ100 ዋት ሶላር ይበቃዋል። የሌሊቱ ውርጭና የቀኑ ፀሐይ ሲፈራረቁበት ምቱ ይዋዥቃል። ለዚህ የመንዝ በግ ጠጉር በዙሪያው የተጠቀጠቀበት የእንጨት ሣጥን ይረዳ ይሆናል፤ ግን ሙቀቱ መውጫ ካላገኘ ሰዓቱ ይታፈናልና መሣሪያውን እንደ ሕፃን መጠቅለል አይገባም። የአየሩም ግፊት ሲለወጥ የብርጭቆዋን ዕቃ በጥቂቱ ስለሚጫናት ምቱን ያዛባል። ስለዚህ ማናቸውንም ቍጥር ከመመዝገብ በፊት የሙቀቱንና የግፊቱን መጠን አብሮ መመዝገብ ግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ሰዓታችሁ ተሠርቶ አለቀ እንበል፤ ትክክል መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? አንድ ሰዓት ብቻውን ስለ ራሱ ምንም አይመሰክርም። ሁለት ሲሆኑ አለመስማማታቸው ይታወቃል፤ አጥፊው ግን አይለይም። ሦስት ሲሆኑ፣ ሁለቱ ተስማምተው አንዱ ቢለይ የሚጠረጠረው ይታወቃል፤ በአገራችን ለዕርቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ከሁለት ይልቅ ሦስት መሆናቸው ለዚሁ ዓይነት ጥቅም ሳይሆን አይቀርም። ሩቢዲየም በተለይ ምስክር ይፈልጋል፤ ከትነቱ ጋር በብርጭቆዋ ውስጥ የታሸገው ጋዝ ድግግሞሹን ትንሽ ስለሚያዛባው፣ ቍጥሩ ከራሱ ብቻ ሊነበብ አይችልም። በእኛ አቅም የሚገኘው ምስክር በሰማይ ላይ ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. የተባሉት ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የአቶም ሰዓት ተሸክመው ይዞራሉ፤ ምልክታቸውን የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ በየሰከንዱ አንድ ምት ይሰጣል። ያን ምት ከሰዓታችሁ ምት ጋር ለሳምንታት ማስተያየትና ልዩነቱን በየቀኑ በደብተር ማስፈር ያስፈልጋል። በእኔ ግምት ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎችም ሥራቸውን የሚተዉት እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ደጋው አንድ ደስ የሚል ነገር ላጫውታችሁ። አልበርት አይንሽታይን እንዳስተማረው ጊዜ በከፍታ ላይ ይፈጥናል። ልዩነቱ በ1,000 ሜትር በቀን 9.4 ናኖ ሰከንድ ያህል ነው፤ ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ እጅ ነው። እንግዲያው 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው የመንዝ ደጋ የተቀመጠ ሰዓት፣ በባሕር ጠረፍ ካለው ሰዓት በቀን 28 ናኖ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ከደጋው 1,500 ሜትር ወደ ጀማ በረሃ ብትወርዱ ልዩነቱ በቀን 14 ናኖ ሰከንድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው አራት ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን በእውን የለካ አማተር አለ። ቶም ቫን ባክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት የሲዝየም ሰዓቶች ከነባትሪያቸው በቤተ ሰቡ መኪና ጭኖ፣ ልጆቹንም አሳፍሮ በዋሽንግተን ግዛት ወደሚገኘው ሬይኒር ተራራ ወጣ። ሁለት ቀን ያህል ቈይተው ሲመለሱ ሰዓቶቹ ቤት ከቀሩት ይልቅ ከ20 ናኖ ሰከንድ በላይ ቀድመው ተገኙ።

ይህን ስታነቡ «እኛም የሩቢዲየም ሣጥናችንን ይዘን ወደ ጀማ እንውረድ» ማለታችሁ አይቀርም። አትቸኩሉ። ቫን ባክ የተጠቀመው በሲዝየም ሰዓት ነው፤ እርሱንም ገዛው እንጂ አልሠራውም። የሩቢዲየም ሣጥን ዕለታዊ መዋዠቅ ከዚህ ልዩነት ይበልጣል፤ በዚያ ላይ ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርዱ የአየሩ ግፊት መለወጥ የሚያመጣው ስሕተት ከፍታው የሚያመጣውን በብዙ እጥፍ ይውጠዋል። ቍጥር ታገኛላችሁ፤ የምታገኙት ቍጥር ግን የአይንሽታይን ሳይሆን የአየሩ ይሆናል። አንድ መሣሪያ ምን እንደማይለካ ሳያውቁ በእርሱ መለካት በሌላውም ትምህርት የሚያጋጥም አደጋ ነው።

«ስልካችን ትክክለኛውን ሰዓት በነጻ እያሳየን ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉ ይኖራሉ። ሌሎችም «የመማሪያ ወንበር ሳይሟላ የአቶም ሰዓት ቅንጦት ነው» ይላሉ። ሁለተኛውን አልንቀውም። ገንዘቡ ጥቂት ከሆነና መምረጥ ግድ ከሆነ እኔም ሣጥኑን ከመግዛት ይልቅ ለቤተ ሙከራው መሠረታዊ መለኪያ መግዛትን እመርጣለሁ። የፊተኛው ተቃውሞ ግን ደካማ ነው። ስልኩ ሰዓቱን ይነግራችኋል እንጂ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አይነግራችሁም፤ ያን የሚያውቀው የለካ ሰው ብቻ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ ዐዋጅ ሲያስነግሩ አገር በተቀባይነት ብቻ እንደማይቆም ተገንዝበው ነበር። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበርም በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂው ግቢ ባቋቋመው ጣቢያ ብዙ ተማሪዎች ሞገድ ማስተላለፍንና መቀበልን በእጃቸው ተለማምደዋል። የሬዲዮ ሰዎች ትክክለኛ ድግግሞሽ ስለሚያስፈልጋቸው ከሩቢዲየም ሣጥን ጋር ቀድመው ከሚተዋወቁት ወገን ናቸው፤ የደጋው ተማሪዎች ቡድን ቢያቋቁሙ ምክር መጠየቅ ያለባቸው ከእንዲህ ዓይነቶቹ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን ማስተያየትን ያለ ምንም ወጪ መለማመድ ይቻላል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች የጾም ሰዓትን በገዛ ጥላቸው፣ በእግራቸው እየሰፈሩ ያውቁት እንደ ነበር ሰምታችሁ ይሆናል። እናንተም ቀጥ ያለ በትር በደልዳላ መሬት ላይ ትከሉና ሥሩን ማእከል አድርጋችሁ ክብ ስመሩ። ረፋድ ላይ የጥላው ጫፍ ክቡን ሲነካ ሰዓቱን ጻፉ፤ ከቀትር በኋላ መልሶ ሲነካውም ጻፉ፤ የሁለቱ መካከል እውነተኛው ቀትር ነው። በስልካችሁ ላይ ግን ልክ 6 ሰዓት ሆኖ አታገኙትም። የአገራችን ሰዓት የተሠራው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ስለ ሆነና መንዝ ከዚያ በስተ ምዕራብ ስለሚገኝ፣ ቀትሩ በአማካይ 21 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ከአንድ ኬክሮስ ጥቂት ያነሰ መሆኑ ነው። ልዩነቱም ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም፤ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ወደ 5 ደቂቃ ይወርዳል፤ በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ወደ 36 ደቂቃ ይወጣል።

ሰማዩ ጥርት በሚልበት በታኅሣሥ ወር፣ በ12ኛው ቀን ገደማ፣ የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ ተማሪዎች በአንድ ቀን ይህን ቢሠሩና በስልክ ቢነጋገሩ መልካም ነው። በመሐል ሜዳ ቀትሩ ለ6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይቀርባል፤ ዓለም ከተማ ወደ ምዕራብ ስለምትገኝ የእርሷ ቀትር ሁለት ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በሁለቱ ደብተሮች መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በጣም ከራቀ፣ ከሁለቱ በትሮች አንዱ ዘንበል ብሎ ተተክሏልና በቱንቢ አቅንታችሁ በማግሥቱ ድገሙት።